ራጁ ላይ የታየው ካልሲየም ከወተት አልመጣም

የጤና ምርመራ ያደረገ ሰው የራጅ ወይም የአልትራሳውንድ ውጤቱን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፋል። ከወረቀቱ ግርጌ «ካልሲፊኬሽን» የሚል ቃል ሰፍሯል። ወዲያው መልስ ይጎርፋል። አንዱ «ካልሲየም በዝቶብህ ነው፣ ወተት ተው» ይላል። ሌላው «ካንሰር እንዳይሆን» ብሎ እንቅልፍ ይነሳዋል። ሦስተኛው ደግሞ ካልሲየሙን ከደም ስር ጠርጎ ወደ አጥንት ይመልሳል የሚባል የቫይታሚን ኬ2 ክኒን ከውጭ እንዲያስመጣ ይመክረዋል። እንዲህ ያለውን ምክር የሰማ ሰው ሐኪም ያዘዘለትን የካልሲየም ክኒን በገዛ እጁ ሊያቆም ይችላል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም አጥንቷ የሳሳ እናት ከሆነች ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ግራ መጋባቱ አይፈረድበትም። ቃሉ ራሱ ካልሲየም ካልሲየም ይላል። ነገር ግን ሳንባ፣ ጡት፣ ጡንቻ፣ ደም ስር ወይም ንፍፊት ላይ ካልሲየም ሲጋገር ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሕዋስ ሞት ነው። እዚያ ቦታ ላይ አንድ ነገር ሞቷል። ሰውነትም የሞተውን በጊዜ አላነሳውም። ሪፖርት ይዞ ሐኪም ፊት የሚቀመጥ ሰው ዋናው ጥያቄም ከዚሁ ይነሳል፤ የሞተው ምንድን ነው? መሞቱስ አብቅቷል ወይስ ቀጥሏል?

## ሁለት ዓይነት ነው

ካልሲፊኬሽን ማለት አጥንትን የሚያጠነክረው የካልሲየምና የፎስፌት ጨው ሊገኝ በማይገባው ለስላሳ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ መጋገሩ ነው። ሐኪሞች በሁለት ይከፍሉታል።

የመጀመሪያው ዲስትሮፊክ ይባላል። የደሙ ካልሲየም ልክ ነው። ፎስፌቱም ልክ ነው። ችግሩ ያለው ቦታው ላይ ነው፤ የተጎዳ፣ የሞተ ወይም እየሞተ ያለ ሕብረ ሕዋስ አለ። በየሪፖርቱ የምናነበው አብዛኛው ካልሲፊኬሽን ይሄኛው ነው።

ሁለተኛው ሜታስታቲክ ይባላል። ስሙ ከካንሰር ሥርጭት ጋር ስለሚመሳሰል ያስደነግጣል፤ ግን ካንሰር ማለት አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኮ በ1855 እ.ኤ.አ. ሲገልጸው፣ ካልሲየም ከአጥንት ተነስቶ ሌላ ቦታ ሄዶ ተቀመጠ ለማለት ነበር። እዚህ ላይ የደሙ ካልሲየም ወይም ፎስፌት ራሱ ከልክ ያልፋል። ኩላሊት ሲደክም፣ አንገት ላይ ያሉት ፓራታይሮይድ የሚባሉ ትንንሽ ዕጢዎች ከመጠን በላይ ሲሠሩ፣ ወይም ቫይታሚን ዲ ያለ ልክ ሲወሰድ ይመጣል። የሚያርፍበትም ቦታ ይታወቃል፦ ጨጓራ፣ ኩላሊትና ሳንባ። ሦስቱም አሲድ ከሰውነት የሚያስወጡ አካላት ናቸው። አሲዱ ሲወጣ ውስጣቸው ወደ አልካላይን (ወደ አሲድ ተቃራኒ) ያደላል፤ ካልሲየም ፎስፌት ደግሞ አልካላይን በሆነ ቦታ ቶሎ ይረጋል።

ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው ተራ የደም ምርመራ ነው። በብዙ ላብራቶሪዎች የጠቅላላ ካልሲየም ልክ ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ውጤቱ እዚህ ውስጥ ከሆነ፣ ፎስፌቱና ኩላሊቱም ደህና ከሆኑ፣ «ካልሲየም በዝቶብኝ ነው» የሚለው ግምት መሠረት የለውም። ዓይናችንን ወደ ቦታው እንመልሳለን።

## ሕዋስ ሲሞት ምን ይከሰታል?

በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ አንድ ኪሎ ገደማ ካልሲየም አለ። 99 በመቶው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው። የቀረችው ትንሽ ድርሻ ግን ትልቅ ሥራ አላት፤ ልብ የሚመታው፣ ጡንቻ የሚኮማተረው፣ ነርቭ የሚናገረው በእሷ ነው። ለዚህም ሲባል ሕዋስ በውስጡ ያለውን ካልሲየም በጣም ዝቅ አድርጎ ይይዛል። ከሕዋሱ ውጭ ያለው ነፃ ካልሲየም ከውስጡ ወደ 10,000 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ካልሲየም ሁልጊዜ ለመግባት ይገፋል፣ ሕዋሱም ሁልጊዜ ያስወጣል። ቀዳዳ ታንኳ ላይ ተቀምጦ ውሃ እየቀዳ የሚያፈስ ሰው ዓይነት ነው፤ እጁ የዛለ ዕለት ታንኳው ይሞላል።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ኃይል የሚገኘው ኤቲፒ ከሚባል ሞለኪውል ነው። ደም ሲቋረጥ፣ መርዝ ሲደርስበት ወይም ተህዋሲ ሲያጠቃው ሕዋሱ ኤቲፒ ያልቅበታል። ፓምፖቹ ይቆማሉ። ካልሲየም ይገባል። መጀመሪያ የሚቀበሉት ማይቶኮንድሪያ ናቸው፤ እነዚህ ኤቲፒውን የሚያመርቱት የሕዋሱ ክፍሎች ናቸው። የገባውን ካልሲየም ከፎስፌት ጋር አጣምረው በጥቃቅን ፍሬ መልክ ያስቀምጡታል። ይህ ለጊዜው ሕዋሱን ያተርፈዋል። ጉዳቱ ከቀጠለ ግን ማይቶኮንድሪያው ያብጣል፣ ይቀደዳል፤ ያቺ ፍሬም ለሚመጣው ክሪስታል መነሻ ትሆናለች።

ፎስፌቱስ ከየት ይመጣል? ከዚያው ከሟቹ። ዲኤንኤው፣ የቀረው ኤቲፒ፣ የሽፋኑ ቅባት፣ ሁሉም ፎስፌት ተሸካሚ ናቸው። አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባል ኢንዛይም አካባቢው ላይ ካለ ፎስፌቱን እየቆረጠ ይለቀዋል።

ክሪስታል ደግሞ በባዶ ሜዳ ብድግ ብሎ አይፈጠርም፤ የሚይዝበት ነገር ይፈልጋል። ያንንም የሚያቀርበው የሞተው ሕዋስ ነው። ጤነኛ ሕዋስ ፎስፋቲዲልሰሪን የሚባል ቅባት በሽፋኑ የውስጥ ገጽ ደብቆ ይይዛል። ሲሞት ይገለበጥና ወደ ውጭ ይወጣል። ይህ ቅባት ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ካልሲየምን ወደ ራሱ ይስባል፣ ካልሲየሙ ፎስፌትን ይይዛል፣ መጋገሩ ተጀመረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሳት አለበት። በየቀኑ በሰውነታችን ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሕዋሳት ይሞታሉ። ታዲያ ለምን ሁላችንም አልደነደንንም?

መልሱ ከአሟሟቱና ከቀብሩ ይገኛል። ኔክሮሲስ የሚባለው ሞት ድንገተኛ ነው፤ ሕዋሱ ይፈነዳል፣ የያዘው ሁሉ ይፈሳል፣ አካባቢው ይቆጣል። አፖፕቶሲስ የሚባለው ሞት ግን ሥርዓት አለው፤ ሕዋሱ ራሱን በትንንሽ ከረጢቶች ይከፋፍልና ማክሮፋጅ የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ወዲያው ይውጧቸዋል። የዕለት ተዕለቱ ሞት በአብዛኛው ይህኛው ነው። ከረጢቶቹ ክሪስታል እስኪይዙ ድረስ አይቆዩም። ካልሲየም የሚጋገረው ሞቱ ከማንሳት አቅም በላይ ሲሆን ነው፣ ወይም አንሺዎቹ ራሳቸው ሲሞቱ፣ ወይም ቦታው ደም የማይደርስበት ሆኖ አንሺ ሳይመጣ ሲቀር። የሚነገረው ሁሉ ስለ ሞቱ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ከሞቱ እኩል ሊተኮርበት የሚገባው የማንሳቱ ነገር ይመስለኛል።

## ቆሽት ላይ የሚሠራው ሳሙና

ይህን በዓይን ማየት የፈለገ የቆሽት ብግነትን ይመልከት።

ቆሽት ምግብ የሚፈጭ ኃይለኛ ኢንዛይም ያመርታል። የሐሞት ጠጠር መንገዱን ሲዘጋው ወይም ብዙ አልኮል ሲጎዳው፣ ወደ አንጀት መሄድ የነበረበት ኢንዛይም እዚያው ይፈስና የራሱን ሰፈር መፍጨት ይጀምራል። ከኢንዛይሞቹ አንዱ ላይፔዝ ነው፣ ሥራውም ስብ መበጠስ። ቆሽቱን ከቦ ያለው ስብ ሕዋስ በሕዋስ ይሞታል፣ ከስቡም ፋቲ አሲድ ይለቀቃል። ካልሲየም ከዚህ አሲድ ጋር ይጣበቃል። የተፈጠረው ነገር በኬሚስትሪ ቋንቋ ሳሙና ነው፤ ስብንና አልካሊን አዋህዶ ሳሙና የሚሠራ ሰው የሚያደርገውም ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሆድ የከፈተ ቀዶ ሐኪም ቢጫው ስብ ላይ ጠመኔ የመሰሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ተበትነው ያያል።

አሁን ደሙን እንይ። ስቡ ላይ ካልሲየም በተጋገረ ቁጥር የደሙ ካልሲየም ይወርዳል። በሽተኛው ጣቶቹንና ከንፈሩን ይነዝረዋል፣ ጡንቻው ይኮማተራል። በ1974 እ.ኤ.አ. በወጣውና ራንሰን በሚባለው መመዘኛ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ካልሲየም ከ8 ሚሊግራም በታች መውረዱ ሕመሙ መክፋቱን ከሚያሳዩት ምልክቶች አንዱ ነው። ልብ በሉ፤ ሰውየው ሆዱ ውስጥ ካልሲየም እየተጋገረ ደሙ ውስጥ ካልሲየም አጥሮታል። «ካልሲፊኬሽን ካለብህ ካልሲየም በዝቶብሃል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ይፈርሳል።

## የሳንባው ነጠብጣብና የቪዛው ጣጣ

በእኛ አገር ይህ ቃል በብዛት የሚመጣው ከቲቢ ጋር ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ከሚላቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ብዙ ሰው በልጅነቱ ባክቴሪያው ይገባበታል፣ ሰውነቱ ይይዘዋል፣ ታሞ እንደነበር እንኳ ሳያውቅ ያድጋል።

ያ ውጊያ የሚካሄድበት ቦታ ግራኑሎማ ይባላል። ባክቴሪያውን የዋጡ ማክሮፋጆች በመሀል፣ ሌሎች ተከላካይ ሕዋሳት በዙሪያ ሆነው የሚሠሩት ትንሽ እብጠት ነው። መሀሉ ላይ ሞቱ ይበረታል። ማክሮፋጆቹ ባክቴሪያውን እንደያዙ ይሞታሉ፣ ደም ስር አይደርስም፣ አንሺ የለም፤ ነጭና ፍርፍር ያለ ሙት ነገር ይቀራል። ወራት፣ ከዚያም ዓመታት ሲያልፉ ያ ሙት ነገር ካልሲየም ይይዛል። ራጅ ላይ ጠርዙ የጠራ ደማቅ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል። የአንገት ንፍፊት ላይም፣ የሳንባ ሥር ንፍፊት ላይም እንዲሁ ነው።

እንዲህ ያለ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ የቆየና የተዘጋ ታሪክ ነው። ለሰው አይተላለፍም። መድኃኒትም አይፈልግም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ የደነደነ ቁስል ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሁልጊዜ ሞቶ አልቋል ማለት አይደለም፣ የመከላከል አቅም ሲዳከም ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ኤችአይቪ ያለበት ወይም አቅም የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ነጥቡን ለሐኪሙ መንገር አለበት።

አሁን ወደ ቪዛው። ለአሜሪካ ቪዛ የሚመረመር ሰው ራጁ ላይ ቲቢ የሚያጠራጥር ነገር ከታየ አክታው ሦስት ጊዜ ተወስዶ ይመረመራል፤ ባክቴሪያውን የማብቀሉ ምርመራ እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። ካልሲየም የያዘ ነጥብ ብቻውን ሲሆን ግን በአብዛኛው እንደ ቆየ ምልክት ይታያል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሠራተኞች ያወጡት መመዘኛ ከዚህ ይጠብቃል፤ ድሮ ታክሞ የዳነ ቲቢ የተወው ጠባሳና ካልሲፊኬሽን ሳይቀር «አንፊት» (ለሥራ ብቁ አይደለም) ሊያሰኝ ይችላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ወጣት ጤነኛ ሆኖ ሳለ በሽተኛ ነኝ ብሎ ያስባል፣ ቤተሰብም ይሸሸዋል። ይህን በግልጽ መለየት ያስፈልጋል። «አንፊት» የሚለው የዚያ አገር የቅጥር ውሳኔ ነው። ሳንባው ውስጥ ያለው ነጥብ ደግሞ የድሮ ሞት አሻራ ነው። ሁለቱ አንድ ነገር አይደሉም፣ «አንፊት» የተባለው ልጅም በዚያ ነጥብ ምክንያት ለእናቱም ለወንድሞቹም የሚያሰጋ ነገር የለበትም።

ቦታው ግን ለውጥ ያመጣል። ያው ቲቢ የልብን ሽፋን ሲያጠቃና ሽፋኑ ጠባሳና ካልሲየም ሲይዝ፣ ልብ ደም ለመቀበል መስፋት ያቅተዋል። እግርና ሆድ ያብጣል፣ ሰው ይደክማል። በአፍሪካ የዚህ በሽታ ዋና መንስኤ ቲቢ ነው፣ ብዙ ጊዜ መፍትሔው ሽፋኑን በቀዶ ሕክምና ማንሳት ነው። አንጎል ውስጥም የአሳማ ኮሶ እጭ ገብቶ ሲሞትና ሲደነድን የሚጥል በሽታ ያስከትላል። ከጥሬ የበሬ ሥጋ የሚመጣው የለመድነው ኮሶ ግን እንዲህ አያደርግም።

## ደም ቅዳ ላይ ያለው ክርክር

የደም ቅዳ መደንደን ለረጅም ጊዜ የእርጅና ዝቃጭ ተደርጎ ይታይ ነበር። ካልሲየም ይዘቅጣል፣ ቱቦው ይደርቃል፣ በቃ። ላለፉት 30 ዓመታት ግን ተመራማሪዎች በሁለት ወገን ሲከራከሩ ቆይተዋል።

አንደኛው ወገን ይህ ሕያው ሥራ ነው ይላል። በ1993 እ.ኤ.አ. ሊንዳ ዴመር ያለችበት የሎስ አንጀለስ ቡድን በደነደነ የሰው ደም ቅዳ ውስጥ ቢኤምፒ-2 የሚባለውን ፕሮቲን አገኘ። ይህ ፕሮቲን ሕዋሳት አጥንት እንዲሠሩ ትዕዛዝ የሚሰጥ ነው። ከዚያ ወዲህ የደም ቅዳ ግድግዳ የጡንቻ ሕዋሳት ፀባያቸውን ለውጠው አጥንት ሠሪ ሕዋስን መምሰል እንደሚጀምሩ በተደጋጋሚ ታይቷል። በቀዶ ሕክምና ከወጡ የልብ ቫልቮች በአንዳንዶቹ ውስጥ መቅኔ ያለው እውነተኛ አጥንት ሳይቀር ተገኝቷል። ሞቶ የደረቀ ነገር አጥንት አይሠራም፤ ስለዚህ ይህ ወገን የያዘው ማስረጃ ጠንካራ ነው።

ሁለተኛው ወገን ግን መነሻው ሞት ነው ይላል። በ2000 እ.ኤ.አ. ዳያን ፕራውድፉትና ባልደረቦቿ ካምብሪጅ ውስጥ የሰውን ደም ቅዳ የጡንቻ ሕዋሳት በሳህን ላይ አሳደጉ። ሕዋሳቱ ተሰብስበው ትንንሽ ጉብታ ሠሩ፣ ጉብታዎቹም ቀስ በቀስ ካልሲየም ያዙ። ተመራማሪዎቹ ካልሲየሙ ከመታየቱ በፊት አፖፕቶሲስ እንደሚጀምር አስተዋሉ። ከዚያ ሞቱን የሚገታ መድኃኒት ሲጨምሩ የካልሲየሙ መጠን 40 በመቶ ያህል ቀነሰ። ሞቱን ሲያነሳሱት ደግሞ ወደ 10 እጥፍ ጨመረ። ከሟች ሕዋሳት የወጡትን ከረጢቶች ለብቻ ሲያወጧቸውም ካልሲየም ሲሰበስቡ ተገኙ። ይህ በሳህን ላይ የታየ ነው፣ በሰው ደም ስር ውስጥ በትክክል እንዲሁ ይሆናል ብሎ መደምደም አይቻልም። ቢሆንም ቅደም ተከተሉን በጣም በጥሩ ሁኔታ ያሳያል፦ ሞት ቀድሞ፣ ካልሲየም ተከትሎ። ደግሞም 40 በመቶ መቀነሱ ሌላ መንገድም እንዳለ ይነግረናል።

ነገሩን የሚያወሳስበው ክሪስታሉ ራሱ ገዳይ መሆኑ ነው። በጣም ደቃቅ የሆኑ የካልሲየም ፎስፌት ክሪስታሎች በጡንቻ ሕዋሳት ሲዋጡ ውስጥ ገብተው ይሟሟሉ፣ የሕዋሱን ካልሲየም ያስወነጭፉታል፣ ይገድሉታል። እሱም ሲሞት ለቀጣዩ ክሪስታል ቦታ ይሆናል። ስለዚህ ሞት መንስኤም ውጤትም ነው፤ አዙሪት ነው። በእኔ አስተያየት ሁለቱ ወገኖች የተለያየ ሰፈር እያዩ ነው የሚከራከሩት። ስብ በተጋገረበት የደም ቅዳ ውስጥ፣ መሀሉ ሙት በሆነበት ቦታ፣ የሞት ድርሻ ያይላል። ስኳርና የኩላሊት ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ የሚታየው የመሀለኛው ግድግዳ መደንደን ላይ ደግሞ የፀባይ ለውጡ ጎልቶ ይወጣል።

ለታማሚው ይህ ምን ይጠቅመዋል? የልብ ደም ቅዳ ካልሲየም በሲቲ ስካን ይለካል፤ ውጤቱ በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው አጋትስተን በሚባል ነጥብ ይሰጣል። ዜሮ ከሆነ ለሚቀጥሉት ዓመታት የልብ ድካም (የልብ ደም ቅዳ ሲዘጋ በድንገት የሚመጣው) አደጋው ዝቅተኛ ነው። ነጥቡ ሲጨምር አደጋውም ይጨምራል። ስታቲን የሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ግን የልብ ድካምን እየቀነሱ ካልሲየሙን ሊጨምሩት ይችላሉ። እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል፤ አይጋጭም። ደቃቅና የተበታተነ ካልሲየም በስስ ሽፋን ላይ ሲቀመጥ ሽፋኑ እንዲቀደድ ያደርጋል። ጥቅጥቅ ብሎ የደነደነ ካልሲየም ግን ቁስሉን አፅንቶ የያዘ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ተጀምሮላችሁ ነጥቡ ከፍ ቢል «አልሠራም» ብላችሁ አታቁሙት።

## የሰውነት መከላከያና የኩላሊት ነገር

ካልሲየምና ፎስፌት በደማችን ውስጥ እንዲህ ተቀራርበው እየኖሩ የማይረጉት የሚከለክላቸው ስላለ ነው። ፓይሮፎስፌት ክሪስታል እንዳያድግ ይገታል። ፌቱዊን-ኤ የሚባለው ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ደቃቅ ቅንጣቶችን ሸፍኖ ይይዛል። ማትሪክስ ግላ ፕሮቲን የሚባለው ደግሞ የደም ቅዳ ግድግዳ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በ1997 እ.ኤ.አ. ይህ ፕሮቲን እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች ደም ቅዳቸው ደንድኖ፣ ተቀድዶ በሁለት ወር ውስጥ ሞቱ።

ኩላሊት ሲደክም ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይበላሻል። ፎስፌት አይወጣም። ከፍተኛ ፎስፌት የደም ስር ሕዋሳትን ፀባይ ያስለውጣል፣ ይገድላል፣ ለክሪስታሉም ግብዓት ይሆናል። መከላከያዎቹም ይቀንሳሉ። እጥበት ላይ ያለ ሰው ፎስፌት የሚይዝ መድኃኒት ከምግብ ጋር እንዲወስድ የሚነገረው፣ ለስላሳ ኮላና ፎስፌት የተጨመረባቸው የታሸጉ ምግቦች የሚከለከሉት ለዚህ ነው። የካልሲየም አወሳሰድ በእውነት ጥንቃቄ የሚሻውም እዚህ ላይ ነው፤ መጠኑን ሐኪሙ ይወስን።

## ክኒኖቹስ?

የካልሲየም ክኒን ላይ ያለው ክርክር ሐቅ አለው። በ2010 እ.ኤ.አ. ማርክ ቦላንድና ባልደረቦቹ ብዙ ጥናቶችን አጠቃለው፣ ካልሲየምን ያለ ቫይታሚን ዲ በክኒን የሚወስዱ ሰዎች የልብ ድካም አደጋ 30 በመቶ ያህል እንደሚጨምር አሳዩ። ክኒኑ የደሙን ካልሲየም ለጥቂት ሰዓት ከፍ ማድረጉን እንደ ምክንያት ያነሱ አሉ። ሌሎች ትልልቅ ጥናቶች ግን ይህን አላገኙም። በ2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአጥንት መሳሳት ፋውንዴሽንና የልብ ሕመም መከላከል ሐኪሞች ማኅበር አንድ ላይ ሆነው፣ በቀን ከ2,000 እስከ 2,500 ሚሊግራም እስካላለፈ ድረስ ለልብ አያሰጋም አሉ። ክርክሩ የክኒን እንጂ የምግብ አይደለም። ወተት፣ አይብ፣ ጤፍ ላይ እንዲህ ያለ አደጋ አልተያያዘም።

ቫይታሚን ኬ2 ሐሳቡ ጥሩ ነው። ማትሪክስ ግላ ፕሮቲን ሥራውን ለመሥራት ቫይታሚን ኬ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ኬ ብንጨምር መደንደን ይቀንሳል ብሎ ማሰብ ያስኬዳል። ዴንማርክ ውስጥ ግን 365 ወንዶች ላይ ለሁለት ዓመት ተሞክሮ በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት የልብ ቫልቭ መደንደንን አላዘገየም። የደነደነውን ጠርጎ ያወጣል የሚለው ማስታወቂያ ከማስረጃው በጣም ቀድሟል። ደግሞ አንድ ከባድ ነገር አለ። በሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቭ አስቀይረው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ብዙ ወጣቶች አሉን። ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬን በመግታት ነው። ኬ2 በራሳቸው ከጀመሩ መድኃኒቱ ይዳከማል፣ ሰው ሠራሹ ቫልቭ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ይህ ሕይወት የሚያሳጣ ስህተት ነው።

## ጡት ላይ ሲታይ

ማሞግራም (የጡት ራጅ) ላይ ትልልቅና ክብ የሆኑ ነጥቦች አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የላቸውም፤ ድሮ ተመትቶ የሞተ ስብ ወይም የደነደነ ደም ስር ሊሆኑ ይችላሉ። ደቃቅ፣ አንድ ቦታ የተሰበሰቡ፣ በተለይ በቀጭን መስመር የተደረደሩ ከሆኑ ግን ናሙና ይወሰዳል። ምክንያቱ ያው ሞት ነው። በወተት ቱቦ ውስጥ የሚያድግ የመጀመሪያ ደረጃ ካንሰር ቱቦውን ሲሞላው መሀል ያሉት ሕዋሳት ደም አጥተው ይሞታሉ፣ ካልሲየም ይይዛሉ፣ የቱቦውን ቅርጽ ይዘው ራጁ ላይ ይወጣሉ። በእጅ የማይዳሰስ ካንሰር ቀድሞ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ስለዚህ «ካልሲየም ነው» ተብሎ መተውም፣ ሁሉንም ካንሰር ነው ብሎ መደንገጥም ልክ አይደለም።

## ሪፖርቱን ይዛችሁ ስትገቡ

ሐኪማችሁን ቦታው የት እንደሆነ፣ ቅርጹ ምን እንደሚመስል፣ አዲስ ይሁን የቆየ ጠይቁት። ድሮ ቲቢ ታክማችሁ ከሆነ፣ ቦታው ላይ መርፌ ተወግታችሁ ወይም ተመትታችሁ ከሆነ ንገሩት፤ ቂጥ ላይ የሚወሰድ መርፌ የሚተወው የሞተ ስብ እንኳ ዓመታት ቆይቶ ራጅ ላይ ይታያል። የካልሲየም፣ የፎስፌትና የኩላሊት ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነም አንሱለት። የድሮ ፊልማችሁን አትጣሉ። ከሁለት ዓመት በፊት በተነሳ ራጅ ላይ ያው የሳንባ ነጥብ በዚያው መጠን ከታየ፣ ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ምርመራ ሳያዝ ፋይሉን ይዘጋል።